ትንሽ ሆኖ የመኖር ዋጋ፡- ሞርጋን ከቤተሰብ እጅ ከወጣ በኋላ

በእንግሊዝ ምዕራባዊ ክፍል፣ በማልቨርን ኮረብታዎች ግርጌ የሚገኘው የሞርጋን መኪና ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የአንድ ቤተሰብ ንብረት ሆኖ ኖሯል። አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ እያወረሱት ሁለት የዓለም ጦርነቶችን፣ የ1930ዎቹን የኢኮኖሚ ድቀትና የ1970ዎቹን የነዳጅ ቀውስ ተሻግሯል። በማርች 2019 ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኩባንያው አብላጫ ድርሻ ኢንቨስትኢንደስትሪያል ለሚባል፣ ጣሊያናዊው አንድሬያ ቦኖሚ ለሚመሩት የኢንቨስትመንት ቡድን መሸጡ ተሰማ። ቤተሰቡ አነስተኛ ድርሻ ይዞ ቀረ፤ ሠራተኞችም የአክሲዮን ተካፋይ እንደሚሆኑ ተነገረ።

ጉዳዩን ትኩረት የሚስብ የሚያደርገው ኩባንያው ሲሸጥ የከሰረ አለመሆኑ ነው። ከሽያጩ በፊት በነበረው ዓመት ገቢው ወደ 34 ሚሊዮን ፓውንድ የተጠጋ ሲሆን አትራፊም ነበር። መኪኖቹን የሚፈልግ ደንበኛም አልጠፋም። ታዲያ “አንሸጥም” እያለ ሦስት ትውልድ የቆየ ቤት በደህና ቀኑ ለምን ሸጠ?

የተለመደው መልስ “ዘመን ጥሎት ስለሄደ ነው” የሚል ነው። የእጅ ሥራ በማሽን ተሸነፈ፣ ትውፊት በገበያ ተበላ ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። በእኔ እምነት ይህ መልስ የነገሩን ግማሽ እንኳ አይነካም። ሞርጋንን የከበደው እጁ ሳይሆን ትንሽነቱ ነው። አስገራሚው ነገር ደግሞ እስካሁን በሕይወት ያቆየውም ያው ትንሽነቱ መሆኑ ነው።

ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ቶዮታ በቡድን ደረጃ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪና ይሸጣል፤ ሌሊቱም ቀኑም ተቆጥሮ ሲካፈል በሰዓት ከ1,100 በላይ ማለት ነው። ሞርጋን ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ 1 ሺህ አይሞላም። ሠራተኞቹ ሁለት መቶ ከምናምን ናቸው።

የእንጨት አጽም

ሞርጋን ጣሪያው የሚገለጥ፣ ረጅም ኮፈንና እንደ ማዕበል የሚወርድ ፓራፋንጎ ያለው፣ ቅርጹ ከ1930ዎቹ ብዙም ያልራቀ የስፖርት መኪና ነው። ብዙ ሰው “ሻንሲው ከእንጨት የተሠራ መኪና” ይለዋል። ይህ ስህተት ነው። ሻንሲው ከ1936 ጀምሮ ለ84 ዓመታት ከብረት ሲሠራ ኖሮ አሁን አሉሚኒየም ሆኗል። እንጨት የሆነው በሻንሲውና በላሜራው መካከል ያለው የገላው አጽም ነው። እኛ አገር በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ገላ እየተሠራላቸው አገር አቋራጭ የሚሆኑትን “ቅጥቅጥ” አውቶብሶች የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ሻንሲና ገላ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች፣ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ዘመናዊ የቤት መኪና ግን ሻንሲና ገላ የሚባል ልዩነት የለውም፤ በግዙፍ ማተሚያ የተጨፈለቀ ላሜራ በሮቦት ተበይዶ ወለሉም ግድግዳውም አንድ አካል ይሆናል።

የሞርጋን አጽም የሚሠራው አሽ ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ነው። አሽ ከወይራ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ፣ ጠንካራ ሆኖ ሲታጠፍ ቶሎ የማይሰነጠቅ እንጨት ነው። የኋላውን ጎማ የሚያቅፈውን ቅስት ለማውጣት ስስ የአሽ ሳንቃዎች በማጣበቂያ ተደራርበው፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመቆንጠጫ ታስረው እስኪደርቁ ይጠበቃሉ። አናጺው ሲጨርስ ባቲላሜራው ይረከባል። የአንዱ መኪና በር ሌላው መኪና ላይ ልክ ላይመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም እየተሞረደና እየተለካ የተስተካከለው ለዚያው መኪና ነው። ፋብሪካው ያረፈበት መሬት ተዳፋት በመሆኑ ደግሞ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መኪኖቹ ከአንዱ ሼድ ወደ ሌላው በሰው እጅ እየተገፉ ሲወርዱ ኖረዋል።

ይህ ትዕይንት ራሱ ገቢ ያስገኛል። ፋብሪካውን ከፍሎ የሚጎበኘው ሰው በዓመት በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ጎብኚው የሚያየው አናጺውንና ባቲላሜራውን ነው። የማያየው ግን የመኪናው ውድና ውስብስብ ክፍል የሆነው ሞተር እዚያ ግቢ ውስጥ ተሠርቶ የማያውቅ መሆኑን ነው።

ሞተሩ ሁልጊዜ የሰው ነው

መሥራቹ ሄንሪ ፍሬድሪክ ስታንሊ ሞርጋን የቄስ ልጅ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት በታላቁ ምዕራባዊ የባቡር ኩባንያ ውስጥ ነው። ማልቨርን ላይ ጋራዥ ከከፈቱ በኋላ በ1909 ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሠሩ፤ በ1910 ለንደን ኦሊምፒያ አዳራሽ በተካሄደው ትርዒት አሳዩት። ሦስት ጎማ መሆኑ የቅንጦት ምርጫ አልነበረም። በእንግሊዝ ሕግ ቀላል ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ እንደ ሞተር ብስክሌት ይቆጠር ስለነበር ባለቤቱ የሚከፍለው ግብር አነስተኛ ነበር። ስለዚህ ሞርጋን ከልደቱ ጀምሮ ሕጉ በተወው ክፍተት ውስጥ ያደገ ኩባንያ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1922 ኦስቲን ሰቨን የተባለችው ርካሽ ባለ አራት ጎማ መኪና ስትመጣ የባለ ሦስት ጎማው ገበያ እየሳሳ ሄደ። ሞርጋንም በ1936 ባለ አራት ጎማና ባለ አራት ሲሊንደር የሆነውን “4/4” ለገበያ አቀረበ። በሁሉም ዘመን ሞተሩ የሚገዛው ከውጪ ነበር። ለባለ ሦስት ጎማዎቹ ከጃፕና ከማችለስ፣ ለመጀመሪያው 4/4 ከኮቨንትሪ ክላይማክስ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከስታንዳርድና ከትራያምፍ፣ ከዚያም ከፎርድ፣ በ1968 ለወጣው “ፕላስ 8” ደግሞ ከሮቨር። ዛሬ ትልልቆቹ ሞተሮች የሚመጡት ከቢኤምደብሊው ነው።

ዝርዝሩን መለስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ጃፕ የለም። ማችለስ የለም። ክላይማክስ የለም። ስታንዳርድና ትራያምፍ መኪና መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል። ሮቨር በ2005 በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን በትኖ ወደቀ፤ ሞርጋን ፕላስ 8ን ማምረት ያቆመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ስታንዳርድማ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሞርጋንን ልግዛ ብሎ ጠይቆ ነበር። ቤተሰቡ እምቢ አለ። ገዢው ሞተ፣ ሊገዛ የነበረው ቀረ።

ስለዚህ የእንግሊዝ መኪና ኢንዱስትሪ መውደቅ ለሞርጋን እርግማን ብቻ አልነበረም። ትልልቆቹ ለሞተር ምርምር ያፈሰሱትን ገንዘብ እሱ አላፈሰሰም፤ አንዱ አቅራቢ ሲሞት ወደ ሌላው ይዞራል። ትንሽ ገዢ በመሆኑም ለአቅራቢው ተፎካካሪ አይደለም። ቢኤምደብሊው በዓመት ጥቂት መቶ ሞተር ለማልቨርን ቢሸጥ ገበያውን አይነካበትም፤ ስሙን ግን ያሞቅለታል። የቤተሰቡ ትልቁ ብልሃት ምን መሥራት እንደሌለበት ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲስ ነገር ሞክሮም ተቃጥሏል። በ1963 ጣሪያው ድፍን የሆነ፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ “ፕላስ ፎር ፕላስ” የሚባል ዘመናዊ መልክ ያለው መኪና አወጣ። ምርቱ በ1967 እስኪቆም ድረስ የተሠራው 26 ብቻ ነው። ደንበኛው ሞርጋን የሚገዛው ሌላ መኪና ስለማይመስል እንደነበር ፋብሪካው በገንዘቡ ተማረ። በአንጻሩ በ1962 አሮጌ መልክ የያዘው ፕላስ 4 በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በባለ ሁለት ሊትር ሞተሮች ምድብ አሸነፈ። ምክንያቱ ክብደት ነው። ቀላል መኪና በመጠነኛ ሞተር ይፈጥናል፤ ፍሬኑና ጎማው ቶሎ አያልቅም፤ ነዳጅ ይቆጥባል።

ሰር ጆንና ወረፋው

በ1990 የእንግሊዙ ቢቢሲ ቴሌቪዥን አንድ ዝግጅት አቀረበ። የግዙፉ አይሲአይ ኬሚካል ኩባንያ ሊቀመንበር የነበሩት ሰር ጆን ሃርቪ-ጆንስ የተቸገሩ ወይም ግር የሚሉ ድርጅቶችን እየጎበኙ ምክር የሚሰጡበት ፕሮግራም ነው። ማልቨርን ሲደርሱ ፋብሪካው በሳምንት አሥር ያህል መኪና እየሠራ፣ ደንበኞቹ ግን ለዓመታት ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ እስከ አሥር ዓመት ይባል ነበር። ሰር ጆን ራሳቸውን ያዙ። ምርቱን ጨምሩ፣ አሠራሩን አዘምኑ፣ ዋጋውንም ከፍ አድርጉ አሉ። አባት ፒተር ሞርጋንና ልጅ ቻርልስ ሞርጋን አልተቀበሏቸውም። ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ሕዝቡ ለቤተሰቡ አዘነ፤ ለመኪናውም ነፃ ማስታወቂያ ሆነለት።

ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ በአስተዳደር ትምህርት ቤቶች አካባቢ እንደ ተረት ይነገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ ለቤተሰቡ ነው። ትውፊት የኮርፖሬት ዕውቀትን አሸነፈ ይባላል። እኔ እንዲህ በቀላሉ አልፈርድም።

ቤተሰቡ ትክክል የነበረበት ነገር አለ። ወረፋው ባንክ ነበር። ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ሌላው ፋብሪካ ያልተሸጠ መኪና በግቢው ሲደረድር ሞርጋን ወረፋውን ትንሽ ማሳጠር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አሥር ዓመት ተጠብቆ የተገኘ መኪና ደግሞ ያገለገለ ገበያ ላይ ዋጋው አይወድቅም፤ ይህ ለገዢው ዋስትና ነው። ምርቱን በአንዴ እጥፍ ያደረገ ኩባንያ ይህን መጠባበቂያ በሁለት ሦስት ዓመት ጨርሶ፣ በቀጣዩ ድቀት ትልቅ ወጪና ባዶ የትዕዛዝ መዝገብ ይዞ ይቀር ነበር።

ሰር ጆን ትክክል የነበሩበትም ነገር አለ፤ እሱም ዋጋው ነው። ደንበኛ አሥር ዓመት የሚጠብቅለት ዕቃ በርካሽ እየተሸጠ ነው። ወረፋ ይዞ መኪናውን እንደተረከበ አትርፎ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ይህ ማለት ትርፉን ፋብሪካው ሳይሆን ወረፋ ያዡ ይወስዳል ማለት ነው። ያ ገንዘብ ለ30 ዓመታት ፋብሪካው ካዝና ውስጥ ቢጠራቀም ኖሮ በ2010ዎቹ መጨረሻ ላይ ከውጪ ካፒታል መፈለግ የግድ ይሆን ነበር ወይ? ጥያቄው ክፍት ነው፤ ግን ቤተሰቡን የሚያሞግሱት ጽሑፎች ሲያነሡት አይታይም። በኋላ ወረፋው ወደ ወራት የወረደው፣ ምርቱም ቀስ በቀስ ያደገው፣ ዋጋውም የወጣው ምክሩ በዝግታና ስሙ ሳይጠራ ስለተተገበረ ይመስለኛል። በ2019 የወጣው “ፕላስ ሲክስ” 78 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። በ2025 የተካው “ሱፐርስፖርት” ከ100 ሺህ በላይ ነው። በ2024 ደግሞ ከጣሊያኑ የንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ጋር “ሚድሰመር” የተባለ፣ ከ50 የማይበልጥ መኪና ወጥቶ ከዚያም በላይ በሆነ ዋጋ ተሸጧል። (ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ከአንባቢያን መካከል ያማረው ቢኖር እንኳ የዋጋው ነገር ሁለተኛ ጭንቀቱ ነው የሚሆነው።)

ሥጋ ዘመድና ቦርድ

የቤተሰብ ድርጅት ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው አንድ አባትና አንድ ወራሽ ነው። መሥራቹ በ1959 ሲሞቱ ፒተር ነበሩ፤ ፒተር በ2003 ሲሞቱ ቻርልስ ነበሩ። ችግሩ ትውልድ በቆጠረ ቁጥር ባለድርሻው እየበዛ መሄዱ ነው። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ይውላል፤ ሌላው ዓመት ጠብቆ የትርፍ ድርሻ ይጠይቃል። በጃንዋሪ 2013 ቻርልስ ሞርጋን ከዋና ሥራ አስኪያጅነት ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከዳይሬክተሮች ቦርድም ወጡ። ስሙ በር ላይ የተለጠፈ ሰው ከበሩ ውጪ ሆነ። በቤተሰቡ ውስጥ ማን ምን አጠፋ የሚለውን መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ለዚህ ትንታኔ የሚጠቅመው ውጤቱ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ኩባንያውን የሚመሩት ተቀጣሪ ባለሙያዎች ሆኑ፤ ቤተሰቡም ከባለቤት-ሠራተኛነት ወደ ባለአክሲዮንነት ተለወጠ። ባለአክሲዮን ደግሞ ጥሩ ዋጋ ሲመጣለት ማሰቡ አይቀርም። የ2019ኙ ሽያጭ የተጀመረው በ2013 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገፊው ምክንያት ግን የአዲስ መኪና ወጪ ነው። አሮጌው የብረት ሻንሲ የግጭት፣ የፍሬንና የጭስ ሕጎችን እየተከተለ መዝለቅ ወደማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር፤ በ2020 ምርቱ ቆመ። በምትኩ በማጣበቂያ የተያያዘ የአሉሚኒየም መድረክ መጣ። በላዩ ላይ የተሠራው ፕላስ ሲክስ ፈሳሾቹ ሳይቆጠሩ 1,075 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን ሲሆን፣ ባለ 335 የፈረስ ጉልበት የቢኤምደብሊው ሞተር ይዟል። ሥራው የሚደነቅ ነው። ወጪው ግን የመኪናውን ብዛት አይጠይቅም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ እንበል። በዓመት 700 ሺህ መኪና ለሚሸጥ ድርጅት ይህ በመኪና 10 ፓውንድ ነው። 700 ለሚሸጠው ግን 10 ሺህ ፓውንድ ነው። ለፍተሻ ተብሎ ከግድግዳ ጋር የሚጋጨው መኪና ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ትንሹ የሚያጋጨው በእጅ የተሠራ መኪና መሆኑ ነው። 34 ሚሊዮን ፓውንድ ገቢ ያለው ቤት ይህንን ከኪሱ እየደጋገመ ሊከፍል አይችልም።

ከጣሪያው በታች

አሁን ወደ ሕጉ ክፍተት እንመለስ። የብሪታንያ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ መኪና አምራቾች ከሚሸጡት ውስጥ የተወሰነው እጅ ጭስ አልባ እንዲሆን አስገድዷል፤ በመጀመሪያው ዓመት 22 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ 80 በመቶ። በዓመት ከ2,500 በታች የሚሸጡት ግን ከዚህ ውጪ ተደረጉ። በኤፕሪል 2025 መንግሥት ደንቡን ሲያሻሽል እንደ አስተን ማርቲንና ማክላረን ያሉ አነስተኛ አምራቾችም ከግዴታው ነፃ እንደሚሆኑ አስታወቀ። በአውሮፓ ኅብረት በዓመት ከ1 ሺህ በታች መኪና የሚያስመዘግብ አምራች ከካርቦን ልቀት ኢላማዎች ነፃ ነው። በአሜሪካ በ2015 የጸደቀ ሕግ ደግሞ የድሮ መኪና አምሳያ የሚሠሩ ትንንሽ አምራቾች በዓመት እስከ 325 መኪና ድረስ የተለመደው የደኅንነት ደንብ ሁሉ ሳይጫንባቸው እንዲሸጡ ይፈቅዳል።

2,500፣ 1 ሺህ፣ 325። እነዚህ ቁጥሮች መጠለያ ናቸው፤ ጣሪያም ናቸው። ሞርጋን በሕጉ ፊት ትንሽ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ይኖራል፤ ካደገ ግን ከትልልቆቹ ጋር በአንድ መስፈርት ይለካል። ታዲያ ገንዘቡን ያስገባው ባለሀብት እንዴት ነው የሚያተርፈው? በቁጥር ማደግ ካልቻለ የቀረው በዋጋ ማደግ ነው። መኪኖቹ በየዓመቱ እየተወደዱ የሚሄዱት በስግብግብነት ነው የሚሉ የድሮ ደንበኞች አሉ፤ እኔ ግን በዋናነት የምክንያትና ውጤት ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው። የሚያሳስበው የማልቨርን አናጺ፣ የሠፈር ሐኪምና መምህር ሊገዛው ይችል የነበረ መኪና የሀብታም መጫወቻ ብቻ ሆኖ ሲቀር የደንበኛው መሠረት መጥበቡ ነው። ሀብታም ደግሞ በቀላሉ ይሰለቻል።

የአሜሪካን ነገር ካነሣን አንድ ቆየት ያለ ገጠመኝ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የጭስና የደኅንነት ሕጎቿን ስታጠብቅ ሞርጋን ትልቁን ገበያውን አጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሳን ፍራንሲስኮ ያለ ወኪል መኪኖቹን በቤንዚን ፈንታ በፕሮፔን፣ ማለትም ለማዕድ ቤት በምናውቀው የሲሊንደር ጋዝ ዓይነት፣ እንዲሠሩ እየለወጠ ማስገባት ጀመረና ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ዛሬም በ2022 የወጣው ባለ ሦስት ጎማው “ሱፐር 3” አሜሪካ የሚሸጠው እንደ ሞተር ብስክሌት ተመዝግቦ ነው፤ ልክ በ1910 እንደነበረው። በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከውጪ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥሉ ብሪታንያ ተደራድራ ለመጀመሪያዎቹ 100 ሺህ መኪኖች ወደ 10 በመቶ አስወረደችው። ያን ያህልም ቢሆን ለ100 ሺህ ፓውንድ መኪና ቀላል ጭማሪ አይደለም።

ሕጉ የነዳጅ መኪና እንዲሠራ ቢፈቅድለትም ሞተሩን ራሱ አይሠራም። እውነተኛው አደጋ እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ ለትንሹ የሚሸጡለት ቀላልና ኃይለኛ የቤንዚን ሞተር እያነሰ ይሄዳል። በአንድ ወቅት አቅራቢው ሲሞት ወደ ሌላ ይዞር የነበረው ቤት አሁን ሁሉም አቅራቢዎች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ሊያይ ነው። ጥቂት እፎይታ አለ፤ በዲሴምበር 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን የ2035ቱ የልቀት ቅነሳ ከ100 ወደ 90 በመቶ እንዲወርድ ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ከጸና የቤንዚን ሞተሮች ምርት ዕድሜ ይረዝማል።

ኤሌክትሪክስ? በ2016 ሞርጋን ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ መኪና በጄኔቫ አሳይቶ ነበር፤ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። በ2023 ደግሞ በሱፐር 3 ላይ የተመሠረተ የሙከራ መኪና አወጣ። እንቅፋቱ ፍላጎት ሳይሆን ሚዛን ነው። ሱፐር 3 ሙሉ መኪናው 635 ኪሎ ግራም ነው። የአንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ የቤት መኪና ባትሪ ብቻውን ከ350 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ቀላልነት ከተወሰደበት ለዚህ መኪና የሚተርፈው የእንጨት ሽታና የቆዳ ወንበር ነው።

ከባድ መኪና የመረጠ ጎረቤት ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። “ቀለል አድርግ” በሚል ፍልስፍና የታወቀው ሎተስ በ2017 በቻይናው ጂሊ ቁጥጥር ሥር ገባ። በ1996 ኤሊዝ የተባለችው መኪናው 725 ኪሎ ግራም ገደማ ነበረች፤ አሁን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ኤሌትሬ ሁለት ቶን ተኩል ነው። በኦገስት 2025 እንግሊዝ ውስጥ እስከ 550 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ።

ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። የቲቪአር ባለቤት በ2004 ኩባንያውን ለአንድ የ24 ዓመት ሩሲያዊ ሸጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የብላክፑል ፋብሪካ ተዘጋ። ካተርሃምን ከ1973 ጀምሮ የያዘው የኒርን ቤተሰብ በ2005 ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በ2021 ወደ ጃፓኑ ቪቲ ሆልዲንግስ ገባ። ግን በሕይወት አለ፣ መኪናውም ያው ነው። በኔዘርላንድስ ዶንከርቮርት በ1978 ከተመሠረተ ጀምሮ እስካሁን በቤተሰቡ እጅ ነው፤ በ2021 አባት ለልጅ አስረክበዋል፤ ግን እሱም ለብዙ ዓመታት የተጠቀመው የኦዲን ሞተር ነው። እነዚህን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ከቤተሰብ መውጣት በራሱ ሞት እንዳልሆነ እንረዳለን። ገዳዩ መኪናውን የማያውቅ፣ ቶሎ ትልቅ ሊያደርገው የሚመኝ ገዢ ነው።

ኢንቨስትኢንደስትሪያል የትኛው ዓይነት ነው? እስካሁን የታየው ክፉ አይደለም። የእንጨቱን ሥራ አልነካም፤ አዳዲስ ሞዴሎችን በተከታታይ አውጥቷል፤ ፋብሪካው ከማልቨርን አልተነሣም። ታሪኩ ግን ሁለት ገጽ አለው። የጣሊያኑን የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ዱካቲን አሻሽሎ በ2012 ለኦዲ ሸጠ፤ ዱካቲም ደህና ሆነ። ትልቅ ድርሻ የነበረው አስተን ማርቲን ደግሞ በኦክቶበር 2018 ለንደን አክሲዮን ገበያ ላይ ወጥቶ ዋጋው ተንኮታኮተ። የዚህ ዓይነት ባለሀብት ሥራው ገዝቶ፣ አሳድጎ፣ መሸጥ ነው። ኩባንያውን ለልጅ ልጅ አያወርስም።

ስለዚህ የሞርጋን ቀጣይ ጥያቄ ሁለተኛው ሽያጭ ነው። ገዢው ትልቅ መኪና አምራች ከሆነ፣ በተለይ በ2,500ም ሆነ በ1 ሺህ ጣሪያ ሥር የተጠለለው ትንሹ ድርጅት በትልቁ ቡድን ውስጥ ከተቆጠረ፣ ነፃነቱ ሊያከትም ይችላል፤ በሕጉ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ የተሳሰረው ቡድን ጠቅላላ ድምር ነውና። ገዢው ሌላ የኢንቨስትመንት ቤት ከሆነ ደግሞ ዋጋውን እንደገና ከማናር ሌላ መንገድ አይኖረውም። ቤተሰቡ የያዘው ቀሪ ድርሻና የሠራተኞቹ አክሲዮን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ያህል ድምፅ ይኖራቸዋል የሚለው፣ ማልቨርን ለሚኖሩት ከሁለት መቶ በላይ ቤተሰቦች የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።